ኮሮላዬን ለየትኛው ዲለር አምኜ ልስጣት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ2003 ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። አሜሪካ ገብቼ በራሴ ገንዘብ የገዛኋት የመጀመሪያ መኪናዬ ናት፤ ሁለቱንም ልጆቼን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣኋቸው በሷ ነው። ከ210 ሺህ ማይል በላይ ሄዳለች፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ሰሞኑን የኤርባግ ሪኮል ስላለባት እስክትሠራ ድረስ እንዳልነዳት የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰፈራችን ወዳለው ዲለር ወሰድኳት። ኤርባጉን ሳይነኩ የ1,940 ዶላር የጥገና ዝርዝር አመጡልኝና ‹ይህ ካልተሠራ ለሪኮሉ ቀጠሮ መስጠት ይከብደናል፤ ባይሆን ለእኛ ሽጣትና በአዲስ እንለውጥልህ› አሉኝ። ተናድጄ ይዣት ወጣሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ቨርጂኒያ ውስጥ ሌላ የቶዮታ ዲለር ጋ በሽያጭ ክፍል ይሠራል፤ ወደኛ አምጣት ይለኛል። ለዓመታት የማምነው ሀበሻ መካኒኬ ደግሞ ‹ምን ያስጨንቅሃል፣ እኔ ሽቦውን ነቅዬ አጠፋልሃለሁ› ብሎኛል። የራሷ መኪና ያላት ባለቤቴ ‹ሽጣትና እንገላገል› ትላለች። እኔ መሸጥ አልፈልግም፤ 16 ዓመት የሞላትን ልጄን መንዳት የማስተምራት በሷ ነው። የትኛውን ዲለር ልመን? አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ቪትዝ አለው፤ ይህ ነገር እሱንም ይመለከተዋል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ወደ ዲለሩ ጉዳይ እንመጣለን፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንለምንዎ። መኪናዋን ከቆመችበት አያንቀሳቅሷት። ለሥራም፣ ለገበያም፣ ለልጅዎ ልምምድም። ወደ ዲለር ለመውሰድም ቢሆን እርስዎ አይንዷት።

የሪኮል ደብዳቤ (አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና በነጻ ለማስተካከል የሚጠራበት) ሲደርሰው ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ሪኮልም እውነት ለመናገር «ሲመችዎ ያምጧት» የሚባል ዓይነት ነው። የእርስዎ ከዚያ አይመደብም። ቶዮታ በጃንዋሪ 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልን) አሜሪካ ውስጥ ላሉ 50 ሺህ ያህል መኪኖች ባለቤቶች «አትንዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መኪኖቹ የ2003 እና የ2004 ኮሮላና ማትሪክስ፣ እንዲሁም የ2004 እና የ2005 ራቭ4 ናቸው። አምራቹ ራሱ የሠራውን መኪና «አትንዱት» እስከማለት ሲደርስ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ጉዳዩ ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ነው። ኤርባጉን በቅጽበት የሚነፋው ክፍል ትንሽ የብረት ዕቃ ናት፤ ውስጧ አሞኒየም ናይትሬት የሚባል ኬሚካል አለ። ይህ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ግጭት ሲደርስ ከሚገባው በላይ በፍጥነት ይነድና ብረቱን ራሱን ይበጣጥሰዋል፤ ስብርባሪውም ጨርቁን ቀዶ ወደ ሰው ይበራል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባጎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። ኤንኤችቲኤስኤ የሚባለው የፌዴራል የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እስከ 2024 ድረስ 28 ሰዎች እዚያው አሜሪካ በዚህ ምክንያት መሞታቸውን አረጋግጧል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የገጠማቸው ግጭት ሰው በደኅና ወርዶ ኢንሹራንስ የሚለዋወጥበት ዓይነት ነበር። ታካታ 2017 ላይ ጥፋተኛነቱን በፍርድ ቤት አምኖ በዚያው ዓመት ለኪሳራ አመልክቷል።

«ጥላኝ አታውቅም» ያሉት የሞተሯን ነው፤ እሱን እናምንዎታለን። ኤርባጉ ግን እንደ ፍሬን ሲጥ ሲጥ አይልም፣ እንደ ካምቢዮ ዘይት አያንጠባጥብም። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው የኤርባግ መብራትም የምትመረምረው የኤሌክትሪክ መስመሩን ነው፤ ኬሚካሉ መበላሸቱን የምታውቅበት መንገድ የላትም። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር አደጋው ይብሳል፣ የእርስዎዋ ደግሞ 20 ዓመት አልፏታል። ኮሮላ ላይ ችግር ያለበት ኤርባግ ከፊት በተሳፋሪው በኩል ያለው ነው። ልጅዎን መንዳት ሲያስተምሩ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ያስቡት። ሜሪላንድ በእርሷ ዕድሜ ላለ ለማጅ 60 ሰዓት ልምምድ ትጠይቃለች፤ የቀረውን በእናቷ መኪና ትጨርስ።

አሁን ወደ ዲለሮቹ። የመጀመሪያው ዲለር ላይ ከተናደዱበት ነገር ይልቅ ያልተናደዱበት ነገር ይከብዳል። «አትንዱ» የተባለች መኪና እጃቸው ገብታ ነበር። ቪን ቁጥሯን (የመኪናዋን መለያ ቁጥር) ኮምፒውተራቸው ላይ ሲያስገቡ ማስጠንቀቂያው ፊታቸው ላይ ይወጣል። እነሱ ግን ስለ ፍሬን ሸራና ስለ ጎማ አወሩ፤ እርስዎ መሪ ይዘው ሲወጡም «ጌታዬ፣ ይህችን አይንዷት፣ እኛ እናደርሳታለን» ያለ ሰው የለም። ዝርዝሩ ላይ ካለው ገንዘብ አንድ ሳንቲም ባይጨምሩም እንኳ በዚህ ብቻ ወደዚያ መመለስ የለብዎትም እንላለን።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ማወቁ ሌላውን ዲለር ለመመዘን ይረዳዎታል። የሪኮልን ዕቃም የእጅ ዋጋም ለዲለሩ የሚከፍለው አምራቹ ነው። ለሥራው ስንት ሰዓት እንደሚታሰብ የሚወስነውም አምራቹ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደንበኛ ከኪሱ ከሚከፍልበት ሥራ ያነሰ ትርፍ አለው። እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያስተናግድዎ ሰርቪስ አድቫይዘር ደግሞ በብዙ ቦታ ከደመወዙ ሌላ በሚሸጠው ሥራ ልክ ኮሚሽን ያገኛል። ስለዚህ በነጻ ሥራ የገባች አሮጌ ኮሮላ ስትመጣ መኪናዋን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም የሚዘረዝረውን ወረቀት ይዞ ይወጣል። ቀይ የተቀባው ሁሉ ውሸት ነው ማለታችን አይደለም፤ 210 ሺህ ማይል የሄደች መኪና የሆነ ነገር አይጠፋባትም። ጥፋቱ «ይህ ካልተሠራ ያ አይሠራም» ማለቱ ላይ ነው። ሪኮል ከሌላ ጥገና ጋር አይታሰርም። ሕጉ ላይ ከመጀመሪያው ሽያጭ የሚቆጠር የ15 ዓመት ገደብ ስላለ «አርጅታለች፣ በነጻ አይሠራላትም» የሚልዎ ሰው ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ ይህን የኤርባግ ሪኮል ግን ቶዮታ መኪናዋ ያረጀች ናት ሳይል በነጻ ነው የሚሠራው።

የቤተ ክርስቲያን ወዳጅዎ ሐሳብ ክፉ አይደለም። ግን ሽያጭና ሰርቪስ አንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ቤቶች ናቸው፤ እሱ መልካም ሰው ስለሆነ ጋራዡ መልካም ነው ማለት አይቻልም። ከእርሱ ውለታ አይጠይቁ፤ የሰርቪስ ማናጀሩን ስም ይጠይቁትና እርስዎ ራስዎ ይደውሉ። ደግሞ ምርጫዎ ሁለት ብቻ አይደለም። የቶዮታ ምልክት የሰቀለ ማንኛውም ዲለር መኪናዋን ከየትም ይግዟት ከየት ይህን ሪኮል መሥራት አለበት፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ እንዲህ ያለ ዲለር ሞልቷል። ያገለገለ መኪና ብቻ የሚሸጥ ቤትና የሰፈር ጋራዥ ግን አይሠሩትም።

እኛን ከጠየቁን አንድ ዲለር የሚታወቀው በስልክ ነው። ቪን ቁጥሩን ይያዙ፤ ከሾፌሩ በኩል የፊት መስታወቱ ታችኛው ጥግ ላይ፣ የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይና ሬጅስትሬሽንዎ ላይ አለ፤ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። መጀመሪያ ኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያልተሠሩትን ሪኮሎች በሙሉ ይጻፉ፣ ምክንያቱም ከእነዚህ ኮሮላዎች አንዳንዶቹ ላይ ኤርባጉ ያለ ግጭት ሊፈነዳ የሚችልበት ሁለተኛ ሪኮልም አለ። ከዚያ ለሦስት ያህል ዲለሮች ሰርቪስ ክፍል ይደውሉና ቁጥሩን ይስጡ። ዕቃው እጃቸው ላይ አለ ወይስ ይታዘዛል? መኪናዋን እነሱ ያስጎትቷታል? እስክትሠራ የሚያውሱት መኪና አላቸው? የሚያስከፍሉት ነገር አለ? ቶዮታ ማስጠንቀቂያውን ሲያወጣ እንደየአካባቢው መኪናዋን መጎተት፣ ከቤት ወስዶ መመለስ፣ አልፎም ያለችበት ድረስ መጥቶ መሥራት እንደሚቻል ተናግሯል፤ ስለዚህ ጎትቱልኝ ማለት ልመና አይደለም። «መጀመሪያ የምርመራ ክፍያ አለ» ያለዎትን ደኅና ዋሉ ብለው ይዝጉ። «ነድተው ያምጧት፣ ምንም አይልም» ያለዎትንም እንዲሁ። እርስዎ ሳይጠይቁት «መኪናዋ አሁን እየተነዳች ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካገኙ ግን ሠላሳ ማይል ቢርቅም ወደሱ ይሂዱ። ይህችን አንዲት ጥያቄ ከአምስት ኮከብ አስተያየት ሁሉ እናስበልጣታለን። የኢንተርኔት አስተያየት ካነበቡም የሰርቪሱን ያንብቡ፤ መኪና ገዝቶ ደስ ያለው ሰው የጻፈው ለእርስዎ አይጠቅምም።

ኤርባጉ ራሱ ከየትኛውም ዲለር ቢሆን ቶዮታ የሚልከው ያው ዕቃ ነው፣ አሠራሩም ያው የቶዮታ መመሪያ ነው። እርስዎ እየመረጡ ያሉት በዙሪያው ያለውን ሁሉ ነው፦ ወረቀቱን፣ ገላዋን፣ አፋቸውን። ስለዚህ ፍጹም የሆነውን ዲለር ሲፈልጉ ወር እንዳያልፍብዎ። በሁለት ቀን የሚቀበልዎ ደኅና ዲለር፣ በአምስት ሳምንት ከሚቀበልዎ ምርጥ ዲለር ይሻላል።

ወረቀቱ ላይ እንቆይ፣ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነው። መኪናዋን ሲያስረክቡ ሪፔር ኦርደር የሚባል ቅጽ ያስፈርሙዎታል፤ አሁን አሁን ታብሌት ላይ ጣትዎን አስኪደው ነው የሚጨርሱት። አይቸኩሉ፣ ታትሞ ይምጣልኝ ይበሉ። የሪኮሉ ቁጥር በግልጽ መጻፉን ይዩ። ደንበኛው የሚከፍለው በሚለው ዓምድ ዜሮ መሆኑን ይዩ። «እስከዚህ ያህል ዶላር ድረስ ሳይደውሉልኝ እንዲሠሩ ፈቅጃለሁ» የምትል መስመር ካለች ይሰርዟትና አጠገቧ ይፈርሙ። ከላይ በእጅ ጽሑፍ «ሪኮል ብቻ፤ ሌላ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይደወልልኝ» ብለው ያስጽፉ። ማይሏም ይመዝገብ። ኮፒ ሳይዙ አይውጡ። ፊቱን የሚያጨማድድ አድቫይዘር ያጋጥምዎ ይሆናል፤ ያጨማድድ።

ስለ ገላዋ ደግሞ፦ ሠራተኛው ባትሪውን ይነቅላል፣ ኤሌክትሪኩ እስኪበርድ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ በተሳፋሪው በኩል ክሩስኮቱን ይነካካል። ከ20 ዓመት በላይ ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ደግሞ ማያያዣው እንደ ደረቅ እንጀራ ነው የሚሰበር። ከመስጠትዎ በፊት ክሩስኮቱን፣ የመሳቢያውን ጠርዝ፣ በሩንና ወንበሩን በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሱ፤ መሳቢያውንም ባዶ ያድርጉት። መስተዋቱ ላይ የሰቀሉት መስቀል፣ ክሩስኮቱ ላይ የለጠፉት ሥዕል ካለ አውርደው ቤት ያስቀምጡ። ከኤርባጉ ክዳን ላይ ምንም ነገር ባይመለስ ደግሞ ይመረጣል፤ ሲፈነዳ በሰው ላይ የሚወረወረው እሱ ነውና። «ይህች መኪና ለእኔ ዋጋ አላት፣ ፕላስቲኳ ደርቋል» ብለው ለአድቫይዘሩ ይንገሩት። የሚስቅ ይኖራል፤ የሚሠራውን ልጅ ጠርቶ የሚያሳየውም አይጠፋም።

መካኒክዎን አይጣሉት፣ ሽቦውን ግን አያስነቅሉት። ሽቦው ሲነቀል ኤርባግ የለዎትም ማለት ነው፤ መብራቷም ሁሌ በርታ ስለምትቀር ነገ ሌላ ብልሽት ቢመጣ አይለዩትም። የአሜሪካ ሕግም የጥገና ቤት የመኪናን የደኅንነት መሣሪያ አውቆ ከአገልግሎት ውጭ እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ወዳጅዎን ነው የሚያስጠይቁት። እሱ የሚያስፈልግዎ ለዚያ ለ1,940 ዶላሩ ዝርዝር ነው። ኤርባጉ ተቀይሮ ስትወጣ ይውሰዱለትና መስመር በመስመር ይይላት፤ የትኛው አሁን እንደሚሠራ፣ የትኛው ክረምቱን እንደሚያልፍ፣ የትኛው ጨርሶ እንደሌለባት ይንገርዎ። ከዚያ በርሱ ዋጋ ያሠሯታል።

ባለቤትዎ የሚሉትን እንረዳለን። ግን ሽያጩም ቢሆን ከሪኮሉ በኋላ ይሁን። አሁን ወስደው ቢሰጧቸው «አትንዱ የተባለች ናት» ብለው ዋጋዋን ያወርዱብዎታል። ከዚያም ያልተሠራ ሪኮል ያለበትን ያገለገለ መኪና መሸጥ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ስለሌለ ያው ኤርባግ ይዛ ሌላ ቤት ልትገባ ትችላለች። ምናልባትም አንድ አዲስ የመጣ የሀገር ልጅ ጋ። ይሠራላትና በረጋ መንፈስ ተነጋገሩበት፤ እኛ በዚህ ከባለቤትዎ ጋር አንጣላም።

ስትመለስ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሱ አንድ እርምጃ ያዙሩት። የኤርባጓ መብራት ትበራለች፣ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆይታ ትጠፋለች። ካልጠፋች ወይም ጭራሽ ካልበራች ከግቢው አይውጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቪን ቁጥሩን እንደገና ያስገቡ፤ ሪኮሉ ከዝርዝሩ መውጣት አለበት። «ከዓመታት በፊት አንዴ ተቀይሮልኛል» የሚሉ አንባቢዎቻችንም ይህን ያድርጉ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንድ መኪኖች ላይ የተተካው ያው የታካታ ዕቃ ስለነበር እንደገና ተጠርተዋል። ሁሉም ዲለር እያመላለሰ ካስቸገረዎ ለቶዮታ የደንበኞች አገልግሎት፣ ካልሆነም ለኤንኤችቲኤስኤ በ888-327-4236 ይደውሉ። የመጀመሪያው ዲለር ያደረገውን እዚያው ቢያስመዘግቡት ደስ ይለናል።

የወንድምዎ ቪትዝ ሊመለከታት ይችላል። ቪትዝ እስከ 2020 ድረስ ጃፓን ውስጥ ያሪስ ትጠራበት የነበረ ስም ነው፤ በታካታ ምክንያት ከተጠሩት መካከልም በዚህ ስም የተሠሩ አሉ። የአሜሪካው ድረ ገጽ ግን አሜሪካ የተሸጡትን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እዚያ ቢያስገቡት መልስ አያገኙም። በቀጥታ ከጃፓን የወጣች ከሆነች ሊብሬው ላይ ያለው ሻንሲ ቁጥር አጭርና መሐሉ ሰረዝ ያለበት ነው፤ እሱ የሚፈተሸው በጃፓኑ የቶዮታ ድረ ገጽ ነው። በዱባይ በኩል የገባች ከሆነች 17 ፊደልና ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በተሸጠችበት አገር ያለውን የቶዮታ ወኪል ነው መጠየቅ። በሁለቱም መንገድ ሊብሬውን ይዞ ኢትዮጵያ ውስጥ የቶዮታ ወኪል ወደሆነው ሞኤንኮ ሄዶ መጠየቁ አይጎዳውም። የተመረተችበትን ዓመትና የሻንሲ ቁጥሩን የመጀመሪያ ክፍል ካገኙ ይላኩልን፣ ከሌሎች የቪትዝ ባለቤቶች ጥያቄ ጋር አንድ ላይ እንመለስበታለን።